እናትየዋ ባጃጁ ውስጥ ስትገባ

መድረኩ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ከፊትና ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ባጃጅ መሆናቸው ነው። ከፊት ያለው ልጅ እስከ ዓይኑ ድረስ በሻሽ ተሸፋፍኗል። የድሬዳዋን ፀሐይና አቧራ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። የቲማቲም ቅርጫት የያዘች ሴት ትመጣና «ሳቢያን ነህ?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ትቀመጣለች። የልጁ ትከሻ ክው ይላል። ድምፁን ያውቀዋል፤ እናቱ ናት። ከአራት ወር በፊት «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባልኝ» ብላ ጎረቤት ጠርታ በግ አርዳለታለች። እሱ ግን ፈተናውን ወድቋል። ሻንጣውን ይዞ ከመጋላ ሰፈር ወጣ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻገረ፣ እዚያው ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል።

እናትየዋ ከኋላ ሆና ለማታውቀው ሾፌር ስለ ልጇ ታወራለች። ወሬው ቀስ እያለ ወደ እንጉርጉሮ፣ እንጉርጉሮው ወደ ዘፈን ይሄዳል። ልጁ መዞር አይችልም።

እዚህ ላይ ከኋላዬ የነበሩት ተማሪዎች በሳቅ ፈረሱ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት «ውይ ልጄን!» ብለው የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ከጎኔ የነበሩ አንድ አባት ደግሞ ለማንም ሳይሆን፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው፣ «ይበለው!» አሉ።

ሙዚቃዊ ቴአትሩን የሠሩት አማተር ወጣቶች ናቸው፤ ቦታው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። የቡድኑን ስምም ሆነ የሥራውን ርዕስ አልጠራም። ልጆቹ ገና እየቆራረጡና እየጨመሩ ነው፤ ያልበሰለ ወጥ ጨው አነሰው ማለት ደግ አይደለም። እኔን የያዘኝ ከመድረኩ ይልቅ አዳራሹ ነው። በተለያየ ቀን አራት ጊዜ ገብቼ አየሁት፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከተዋንያኑ ይልቅ ወደ ተመልካቹ ያዘነብል ነበር። የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ መሐል መድረክ ላይ ቆሞ ሲዘፍን የድሬ ሰው ምን ይሆናል? ለምንስ እንዲያ ይሆናል?

ከትርኢቱ በኋላ በነበረው ውይይት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንጃ ፈቃድ ከየት አመጣ?» የሚል ነበር። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ሁሉም ሳቀ፤ ጠያቂው ግን አልሳቁም። ሁለተኛው ጥያቄ «ሪሚዲያል ለምን አልገባም?» ሆነ። ሦስተኛው በየቴአትሩ የሚጠየቀው ነው፤ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ሦስቱም ተራ ይመስላሉ፤ ግን ሦስቱም ልጁን ከዘፈኑ አውጥተው ወደ መዝገብ የሚያስገቡ ጥያቄዎች ናቸው። ፈቃድ አለው ወይ፣ አማራጭ ነበረው ወይ፣ ከእሱስ ምን እንማራለን? አራት ደቂቃ ሙሉ ስለ ፍርሃቱ የዘፈነው ልጅ ምን አለ ብሎ የጠየቀ በዚያ ቀን አልነበረም።

ስም የሌለው ዕድሜ

ደራሲዎቹ ለልጁ ስም አልሰጡትም። ጓደኞቹ «ዋሪያ» ይሉታል፣ ጎረቤት «ያ ጎረምሳ»፣ እናቱ «ልጄ»፣ ባለባጃጁ «አንተ»። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው አማርኛችንም ለዚህ ዕድሜ ሰላማዊ ቃል አላበጀለትም። «ጎረምሳ» ስንል ገና ምንም ሳያደርግ ጥፋት ለጥፈንበታል። «ኮረዳ» ስንል ልጅቷን የሚያያት ዓይን እንጂ እሷ የምታየው አይታየንም። «ለአቅመ አዳም የደረሰ» የጋብቻ ሒሳብ ነው። «ታዳጊ» የዜና አንባቢ ቋንቋ ነው፤ እናት ልጇን «አንተ ታዳጊ ና ብላ» ስትል ሰምቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። «አፍላ ወጣት» ደግሞ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጅና ሁለት ልጅ የወለደ አባት በአንድ ቃል ያድራሉ ማለት ነው።

ቃል የሌለው ነገር መድረክ ላይ ሲወጣ ተመልካቹ ያለውን ቃል ይዞ ነው የሚቀበለው። «ጎረምሳ» ብለው የመጡ አባት «ይበለው» አሉ። «ልጄ» ብለው የመጡ እናት አፋቸውን ሸፈኑ። «ዋሪያ» ብለው የመጡት ሳቁ፤ ሳቃቸውም የንቀት አልነበረም። የሚያውቁትን ፍርሃት ሌላ ሰው ላይ ሲያዩት የሚያመልጥ ሳቅ አለ። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር የሚስቁት።

«በአሳዛኝ ቦታ ይስቃሉ፣ ቴአትር ማየት አያውቁም» የሚል ወቀሳ በየከተማው እሰማለሁ። አልቀበለውም። ያ አዳራሽ ማየት በደንብ ያውቃል። ያልለመደው ልጅ ሳይቋረጥ ሲናገር መስማትን ነው።

ዘፈን የሚሰጠው ያለመከሰስ መብት

በእኛ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አራት ደቂቃ ያለ ማቋረጥ አይናገርም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለን ዘግተነዋል። ንግግር ቢሆን ኖሮ እነዚያ አባት በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «በቃ!» ይሉ ነበር፤ ሲሉም አይቻለሁ፤ በዘፈን መካከል በሚመጡት ጭውውቶች ላይ ልጁ ለእናቱ ሲመልስ «ኧረ አቦ፣ እንዲህ ነው እንዴ ለእናት የሚመለሰው!» የሚል ድምፅ ከአዳራሹ ይወጣ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር ግን ዝም አሉ። ዘፈን አይቋረጥማ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን በዘፈን የተባለ ነገር በንግግር ከተባለው ያነሰ ያስጠይቃል። ወፍጮ ላይ የተጎነበሰች ምራት አማቷን በእንጉርጉሮዋ ትነካለች፤ አማቲቱ ሰምታም እንዳልሰማች ትሆናለች። አልቃሽ በሙሾ የሟቹን ወንድሞች ትሸነቁጣለች። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በሠርግ የሙሽራው ወገን በዜማ ይሰደባል፤ ተሰዳቢው እየሳቀ ይሰማል። ዜማ አጥር ነው፤ ከውስጡ የቆመ አይደበደብም።

ልዩነቱ አጥሩ የተሠራው ለማን ነው የሚለው ላይ ነው። ለምራት፣ ለአልቃሽ፣ ለእረኛ፣ ለሚዜ። የ17 ዓመት ልጅ በገዛ እናቱ ፊት «ያንቺ ደስታ ከበደኝ» ብሎ የሚያዜምበት ቦታ አልነበረውም። ሙዚቃዊ ቴአትሩ ያደረገው የቆየውን አጥር ለዚህ ልጅ መክፈት ነው። አባቶቹን ያስቆጣቸው ታዲያ ውሸቱ ብቻ አይመስለኝም። የለመዱት የዘፈን ሕግ ዝም እንዲሉ አስገደዳቸው፤ ዝም ብለው የሰሙት ደግሞ መስማት የማይፈልጉትን ነው። «ይበለው» የምትለው ቃል የወጣችው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ጸጥታ ላይ መሆኗን ሁለት ቀን አስተውያለሁ። አራት ደቂቃ ታምቃ የቆየች ቃል ናት።

ሌላም የቆየ ልማድ አለ። በ1990ዎቹ የትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ሰው የፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ሳያይ አላደገም። በዚያ ድራማ ውስጥ ወጣት ማለት የሚሳሳት ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ይታመማል ወይም ይጸጸታል፤ ከዚያ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ምክር ይሰጣል። ከዚያ ቀደም ብሎ በደርግ ዘመን የየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ፤ እዚያም መድረኩ መልእክት ማድረሻ ነው። ሁለቱም በጊዜያቸው ሥራ ሠርተዋል፤ የኪነቱ መድረክ ብዙ ሙያተኛ አፍርቷል፣ የክበቦቹም ድራማ ሕይወት ሳያተርፍ አልቀረም። ግን በእነሱ የሠለጠነ ተመልካች መድረክ ላይ ወጣት ሲያይ ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል። «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረቀ ነው። ይህን ስል በንቀት አይደለም፤ እኔም የዚያው ተመራቂ ነኝ፤ ክበቡ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ነጭ ጋወኑ የኬሚስትሪ ክፍል ነበር።

የአዳራሹ ሳቅ በዙር ይመጣል

በድሬ ተመልካች ላይ አዲስ አበባ ያላየሁት አንድ ነገር አለ። ሳቁ በዙር ነው። ልጁ በአማርኛ ይጀምራል፣ እናቱ ስትናደድ ወደ ኦሮምኛ ትገባለች፣ የባጃጁ ባለቤት ሶማሊኛ ጣል ያደርጋል። ኦሮምኛው የገባው ወገን ወዲያው ይስቃል፤ የቀረው ጎረቤቱን ይጠይቅና ዘግይቶ ይስቃል፤ የዘገየው ሳቅ የመጀመሪያዎቹን እንደገና ያስቃቸዋል። ጥሩ ተዋናይ ይህን ጠብቆ ይቆማል። እናትየዋን የምትጫወተው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሳትጠብቅ ቀጠለችና ሁለት ስንኝ በሳቅ ተዋጠባት፤ በሦስተኛው ቀን ቅርጫቷን እያስተካከለች ሁለተኛው ዙር እስኪያልፍ ስትጠብቅ አየኋት።

«ሰው እያወራ ድንገት መዝፈን የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ሰው አይለምደውም» ያሉኝ አንድ የሙያ ሰው ነበሩ። ድሬዳዋ ላይ ይህ አባባል አይሠራም። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተመሠረተች ናት፤ ሐዲዱ ያመጣው ጨርቅና ሳሙና ብቻ አይደለም። ሶማሊኛ ተናጋሪው የከተማዋ ሰው «ሪዋያድ» የሚለውን ቃል ይዞ ነው ያደገው፤ ይህም ግጥምና ዘፈን ከጭውውት ጋር የተገመደበት ቴአትር ነው። ግጥሙና ዘፈኑ በቃል ይጠናል፣ መሐል ያለውን ጭውውት ግን ተዋንያኑ እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥሩታል። ሐሰን ሼኽ ሙሚን የጻፈውና በ1968 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾ ላይ የታየው «ሸቤልናጎድ» ወጣት ሴቶችን በሐሰት ጋብቻ ስለሚያታልል ሰው ነው። የተታለለች ወጣት ቁጭት፣ በዘፈን፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት። ባሕሩን ተሻግረን የኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ ድረስ ሳንሄድ ጎረቤታችን ጋ የነበረ ነገር ነው።

የህንድ ፊልምም አለ። ድሬና ሐረር ውስጥ አዋቂው ሰው ሂንዲ ሳያውቅ የህንድ ዘፈን በዜማው ይጨርሳል፤ ጀግናው ሲከፋው ዝናብ ውስጥ ለምን እንደሚዘፍን ማንም አስረድቶት አያውቅም። በዚህ ላይ በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ውስጥ የተነሣውን የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጨምሩበት። ጥቅምት 2015 ያጣነው ዓሊ ቢራ በአሥራዎቹ ዕድሜው የዘፈነው እዚያ ቡድን ውስጥ ነው፤ «ቢራ» የሚለውን ስም ያወጣችለትም የመጀመሪያ ዘፈኑ ናት። ይህች ከተማ የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ሲዘፍን የሰማች ከተማ ናት። የአማርኛ ቴአትር አባት የሚባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ሐረር፣ በራስ መኰንን ቤት ያደጉ ናቸው፤ በ1913 ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ» አውሬዎችን እያናገረ ሹማምንቱን ነክቶ መድረኩ እንዲዘጋ አድርጓል። አውሬ ሲናገር እንኳ የሚከፋው ሰው ካለ ልጅ ሲናገር የሚከፋው መኖሩ አይገርምም።

ስለዚህ የድሬ ሰው በዘፈኑ አልተደናገረም። አንድም ሰው «ለምን ይዘፍናል?» አላለም። የተደናገረው በዘፋኙ ዕድሜና በዘፈኑ ጉዳይ ነው።

ከመቶው ዘጠና ሰባቱ

የዘፈኑ ጉዳይ ፈተና ነው። እዚህ ላይ አዳራሹ በሁሉም ቀን፣ በሁሉም ወገን፣ አንድ ዓይነት ዝም አለ።

ልጁ ውጤቱን የሚያየው በጓደኛው ስልክ ነው። ኔትወርኩ ይሽከረከራል። ኪቦርዱ አንዲት ኖታ ብቻ ይደጋግማል፤ በእኔ ግምት የሙዚቃው ምርጥ ቦታ ይህ ነው፣ ምክንያቱም አቀናባሪው ምንም አላደረገም። ስንቱ ሰው በዚያች ጸጥታ ውስጥ የራሱን ቤት እንዳየ ማወቅ አይቻልም፤ ቁጥሩ ግን ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዙር 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። የፈተና ስርቆት መቆሙ በጎ ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርም። ግን በመጀመሪያው ዙር ከመቶ ልጆች 97ቱ ማታ ቤት ሲገቡ ለእናታቸው አንድ ነገር መናገር ነበረባቸው። ቴአትሩ ከእነዚያ ዘጠና ሰባት ማታዎች አንዷን ነው የወሰደው።

ተማሪዎቹን ያሳቀው የውሸቱ ዘዴ ነው፤ ሻንጣ ይዞ ወጥቶ ሳቢያን መውረዱ። እናቶቹን ያስለቀሳቸው ውሸቱ ሳይሆን በጉ ነው። «በተበደረችው ብር!» ይሉ ነበር ሲወጡ። ልብ በሉ፣ ልጁ ዋሸ ብሎ ያዘነ ሰው ጥቂት ነው፤ ያሳዘናቸው እናትየዋ በጎረቤት ፊት የምትሆነው ነው። እልልታ ያሰማ ሰፈር እውነቱን ሲሰማ ምን ይላታል? ጥፋቱ የተለካው በኅሊና ሚዛን ሳይሆን በሰፈር ሚዛን ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው ከሌላ አገር ተመልካች ጋር ሲነጻጸር ነው። አሜሪካኖቹ «ዲር ኢቫን ሃንሰን» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር አላቸው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ተጀምሮ በታኅሣሥ ወር 2016 እ.ኤ.አ. ብሮድዌይ ገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለውን ጨምሮ ስድስት የቶኒ ሽልማት ወሰደ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ተዘጋ። እሱም ስለሚዋሽ ልጅ ነው። ጭንቀት ያጠቃው ብቸኛ ተማሪ ለራሱ የጻፈው ደብዳቤ ሕይወቱ ባለፈ የትምህርት ቤቱ ልጅ ኪስ ውስጥ ይገኛል፤ የሟቹ ወላጆች ደብዳቤው ከልጃቸው ለጓደኛው የተጻፈ ይመስላቸዋል፤ እሱም «አይደለም» ሳይል ይቀርና ውሸቱ ያድጋል። ወጣቱ ተመልካች ብቸኝነቴን አየሁበት ብሎ አለቀሰ። ሌላው ወገን ደግሞ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ያታለለ ልጅ እንዴት ሳይቀጣ ይወጣል ብሎ ተቆጣ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ፊልም ሆኖ ሲወጣ ቁጣው ባሰ። ዘፋኙ አጠገባችሁ ሆኖ ሲያለቅስ ይቅር የምትሉት ነገር ስክሪን ላይ ይቅር አይባልም መሰለኝ።

የእነሱ ክርክር «ተጠያቂነቱ የት አለ?» ነበር። የእኛው «እናቱን እንዴት አዋረዳት!» ሆነ። እነሱ ልጁን ለብቻው አቁመው ፈረዱበት፤ እኛ ከእናቱ ነጥለን ማየት አልቻልንም። የትኛው ይሻላል አልልም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ በሁለቱም አገር ልጁን የፈረደበት አዋቂው ነው፣ ያለቀሰለት ወይም የሳቀለት እኩያው ነው። ይህም አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍራንክ ቬዴኪንት የአሥራዎቹን ዕድሜ ልጆች ጭንቀት ይዞ በ1891 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ድራማ በርሊን ላይ መድረክ የወጣው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀ። ሙዚቃ ተጨምሮበት ብሮድዌይ የደረሰው ደግሞ ሌላ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ማራገቢያና ስልክ

ምላሽ ሁሉ ከባህል አይመነጭም። ከማራገቢያም ይመነጫል። በድሬዳዋ ሙቀት ማራገቢያው ካልተከፈተ አዳራሹ አይቻልም፤ ሲከፈት ደግሞ ግጥሙ አይሰማም። በመጀመሪያው ቀን የኋላው ወንበር ለምን ሲንጫጫ እንደዋለ ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ሆን ብዬ እዚያ ስቀመጥ ነው፤ ከሦስት ስንኝ አንዱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ያልሰማ ሰው ያወራል። «ሥነ ሥርዓት የሌለው ተመልካች» ከማለታችን በፊት ሁለት ማይክራፎን ብንጨምር ይሻላል።

ስልኩ የተለየ ነገር ነው። የባጃጁ ዘፈን ተቀርጾ ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ እናትየዋ ስታዜም ብቻ፣ ልጁ ሳይታይ። ክሊፑን አይቶ የመጣው ሰው ትርኢቱን የሚጠብቀው እንደ እናት ዘፈን ነው። ዜማው ሲጀምር አብሮ ይዘምራል፣ ስልኩን ከፍ ያደርጋል፣ ያጨበጭባል። ደስ ይላል፣ አዳራሹ ይሞቃል። ግን የትዕይንቱ ጭማቂ ያለው እናትየዋ አፍ ላይ ሳይሆን ዞር ማለት ያቃተው ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ክሊፑ ጀርባውን ቆርጦ ጥሎታል። በሦስተኛው ቀን ያንን ጀርባ ያየው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያነሰ ነበር፣ አዳራሹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሞልቶ ነበር።

ሥራውም ጉድለት አለው፤ ለተመልካቹ ጥብቅና ስቆም ይህን መደበቅ የለብኝም። የሁለተኛው አጋማሽ አራት ዘፈኖች አንድ ዓይነት ምት አላቸው፤ ቀድሞ ከተቀዳው ሙዚቃ፣ ከፕሌይባኩ፣ ጋር መሮጥ ስላለባቸው ተዋንያኑ መተንፈሻ የላቸውም። የልጁ አባት የት እንዳለ አይነገርም። ልጃገረድ ጓደኛው የገባችው እንድትመክረው ብቻ ነው፤ ከክበቡ ድራማ የተረፈች ገጸ ባሕርይ ትመስላለች። እሷ ስትመክር ተማሪዎቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ መጨረሻው ትዕይንት ልምጣ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ እዚያ ነው። ባጃጁ ሳቢያን ሲደርስ እናትየዋ ዘፈኗን ታቆማለች። ሃምሳ ብር ታወጣለች። ልጁ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ሳይዞር፣ ይቀበላል። መልስ ሲቆጥር «ያዘው» ትለዋለች፤ ትወርዳለች። መብራት ይጠፋል። በቃ።

አወቀችው ወይስ አላወቀችውም? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከአዳራሹ በር ውጪ ሰው ቆሞ ቀረ። በዕድሜ የገፉት ሴቶች ጥርጥር የላቸውም፤ «እናት የልጇን ትከሻ ታጣለች? ከገባች ጀምሮ ታውቃለች፤ ዘፈኑ ሁሉ ለእሱ ነው።» ተማሪዎቹ አልተስማሙም፤ «ብታውቅማ በጥፊ ትለው ነበር።» አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ገንዘቡን አነሣ፤ ቲማቲም ሻጭ የሃምሳ ብር መልስ ለማታውቀው ሾፌር አትተውም፣ ስለዚህ አውቃለች። ከሁሉም ትንታኔ የእሱ ይበልጥብኛል። «ይበለው» ያሉት አባት ዳር ቆመው ሲሰሙ ቆዩና «ካወቀችማ ይቅር ብላዋለች ማለት ነው» አሉ፤ ለራሳቸው መሰለኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎች ለቡድኑ ምክር ሰጡ። እርቅ ይጨመርበት፣ ልጁ እናቱ ጉልበት ላይ ይውደቅ፣ ሰው ተጽናንቶ ይሂድ። በሦስተኛው ቀን ተጨመረ። ልጁ ሻሹን አወለቀ፣ ወደቀ፣ እናትየዋ አነሣችው፣ ሁሉም አብረው ዘፈኑ። ጭብጨባው ከሁሉም ቀን በላይ ነበር፤ እልልታም ነበረ። ከዚያ ሰው ወጣ፣ ባጃጁን ተሳፈረ፣ ሄደ። በር ላይ የቆመ አልነበረም። ስለ ሃምሳው ብር የጠየቀም አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ትዕይንቱን አወጡት። እናትየዋ እንደ ድሮው «ያዘው» ብላ ወረደች። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ከኋላዬ አንድ ልጅ «አወቀችው?» ሲል ሰማሁ። «ዝም በልና እያት» አለችው እናቱ።